ከውጭ የሚመጣ ዕቃን ቀረጥና ታክስ ትዕዛዝ ከመስጠትዎ በፊት እንዴት ያሰላሉ?

ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን የሚጨርሰው ከሻጩ ጋር በሚያደርገው የዋጋ ድርድር ላይ ነው። ቀረጡና ታክሱ ግን ዕቃው ከደረሰ በኋላ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ አስተላላፊው) ነግሮት የሚያውቀው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ይህ አካሄድ ብዙ ሰው አክስሯል። የሚከፈለውን መጠን የሚወስኑት የታሪፍ ቁጥሩ፣ የሽያጭ ውሉ ዓይነት፣ ዕቃው የተሠራበት አገርና የኢንቮይሱ አገላለጽ ሲሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ የሚጠናቀቁት ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ነው። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከገባ በኋላ የሚቀረው ወይ መክፈል ወይ መከራከር ብቻ ነው፤ በሁለቱም ላይ ደግሞ የማከማቻ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል። ስለሆነም ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ፕሮፎርማ ኢንቮይስ (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) እጁ ላይ ላለና ገና ላልፈረመ አስመጪ ነው።

ሐሳቡ በተግባር እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዛለን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ ለመክፈት ያሰበ ሰው ከጣሊያን ባለ ሁለት ግሩፕ (ሁለት የቡና መቅጃ ያለው) የማኪያቶ ማሽን ከነፈጪው፣ ከስኒውና ከብርጭቆው ጋር ሊያስመጣ ነው።

አንደኛ፦ ዕቃው መግባት የሚችል መሆኑን ማረጋገጥ

ይህ ደረጃ አጭር ቢሆንም ሊዘለል አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ሲወስን፣ የቀረጡን ልክ በትክክል ያሰሉትም ሆኑ ያላሰሉት እኩል ቆመዋል። ያልተከለከሉ ብዙ ዕቃዎችም ቢሆኑ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋሉ። ምግብ፣ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጣ ሰው ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የሬዲዮና የመገናኛ መሣሪያ የሚያስመጣ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ ከግዢው በፊት ይቅደም፤ ዕቃው ወደብ ላይ ተቀምጦ የሚጠየቅ ፈቃድ ዋጋው ውድ ነው። የንግድ ፈቃድዎም የሚያስመጡትን የዕቃ ዓይነት የሚሸፍን መሆኑን በዚሁ ጊዜ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፦ የታሪፍ ቁጥሩን መለየት

ከሁሉም ደረጃዎች ሰፊ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ወደ አገር የሚገባ ማንኛውም ዕቃ ኤችኤስ ኮድ በሚባለው የታሪፍ ቁጥር ይመደባል። ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሥርዓቱ በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ኢትዮጵያ በእነዚህ ላይ ሁለት አኃዞች ጨምራ በስምንት አኃዝ ትመድባለች፤ የቀረጡ ልክ የሚነበበውም ከዚሁ ሙሉ ቁጥር ፊት ለፊት ነው። በመሆኑም የውጭ ሻጩ በኢንቮይሱ ላይ የጻፈው ቁጥር ለመነሻ ይጠቅማል እንጂ፣ ከስድስተኛው አኃዝ በኋላ ያለው የሻጩ አገር ስለሆነ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም።

የምደባው መሠረት ዕቃው በገበያ የሚጠራበት ስም ሳይሆን በታሪፍ መጽሐፉ (ቁጥሮቹና የቀረጥ ልካቸው በተዘረዘሩበት መጽሐፍ) ውስጥ ያለው የአንቀጹ ቃልና በየክፍሉና በየምዕራፉ መግቢያ ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች ናቸው። የምሳሌያችንን ማሽን እንውሰድ። ለቤት አገልግሎት የሚውል የቡና ወይም የሻይ ማፍያ በ8516.71 ሥር ይመደባል። ለካፌና ለሆቴል የሚሠራ፣ ትኩስ መጠጥ የሚያዘጋጅ ማሽን ግን በ8419.81 ሥር ነው የሚወድቀው። ሁለቱም ቡና ያፈላሉ፤ በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ግን በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ተቀምጠዋል፤ የቀረጥ ልካቸውም የግድ አንድ አይደለም። ኢንቮይሱ ላይ “የቡና ማሽን፣ 1” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ መርማሪው የቱን እንደሚመርጥ እርስዎ አያውቁም። “ባለ ሁለት ግሩፕ የኤስፕሬሶ ማሽን፣ ለንግድ አገልግሎት፣ 220 ቮልት፣ የቦይለር መጠን ይህን ያህል ሊትር፣ ሞዴል ቁጥር ይህ” ተብሎ ከተጻፈና የአምራቹ ካታሎግ ከተያያዘ ግን ለጥርጣሬ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው።

አብረው የሚመጡት ዕቃዎችም የማሽኑን ቁጥር አይከተሉም። የፖርሲሊን ስኒ በ6911፣ ማኪያቶ የሚቀርብበት የመስታወት ብርጭቆ በ7013 ይመደባል፤ ፈጪውም በራሱ አንቀጽ ይታያል። አንድ ኮንቴይነር ውስጥ መምጣታቸው አንድ ቁጥር አይሰጣቸውም፤ እያንዳንዳቸው በዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ሰነድ) ላይ የራሳቸው መስመር ይኖራቸዋል። ተገጣጥሞ ያለቀ ማሽን ተፈታትቶ በሳጥኖች በአንድነት ቢመጣም በታሪፍ መጽሐፉ የአተረጓጎም ደንብ መሠረት እንደ ሙሉ ማሽን ስለሚቆጠር፣ የመለዋወጫ ታሪፍ ለማግኘት ብሎ ማስፈታት የትም አያደርስም።

የታሪፍ መጽሐፉን ከጉምሩክ ኮሚሽን ድረ ገጽ ማግኘት ይቻላል። ሁለት ቁጥሮች አሻሚ ሆነው ከታዩዎት ካታሎጉን አያይዘው የምደባ ማብራሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ። የትራንዚተር የቃል ማረጋገጫ፣ ሰውየው ምንም ያህል ልምድ ያለው ቢሆን፣ ልዩነት ሲነሳ የሚያቀርቡት ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ቀረጥ የሚከፈልበትን ዋጋ ማግኘት

ቀረጡ የሚሰላው ለሻጩ በከፈሉት ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ የመድን ወጪና እስከ መጀመሪያው የኢትዮጵያ መግቢያ በር ድረስ ያለው የማጓጓዣ ወጪ ተደምረው ነው፤ በነጋዴው ቋንቋ ሲአይኤፍ የሚባለው ይህ ድምር ነው። እዚህ ላይ የሽያጭ ውሉ ዓይነት ትልቅ ቦታ አለው። ሻጩ ዋጋውን በኤፍኦቢ ከሰጠዎት ዕቃውን ጄኖቫ ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ያለውን ወጪ ችሎታል። በኤክስ ወርክስ ከሰጠዎት ግን ዋጋው ከፋብሪካው በር ስለሆነ፣ ከፋብሪካው እስከ ወደቡ ያለው የጭነት መኪና ኪራይና የኤክስፖርት ሰነድ ወጪ በእርስዎ ላይ ይጨመራል፤ በቀረጥ ስሌቱም ውስጥ ይገባል። ርካሽ የመሰለው ፕሮፎርማ ሲደመር ከሌላው በልጦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሻጮችን የሚያወዳድሩት ሁለቱንም ወደ ሲአይኤፍ ካመጡ በኋላ ይሁን።

ሻጩ “ነፃ” ብሎ የላካቸው ዕቃዎችም ዋጋ አላቸው። ከማሽኑ ጋር የሚላክ ተጨማሪ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) እና ማጣሪያ በኢንቮይሱ ላይ ዜሮ ተብሎ ቢጻፍም ጉምሩክ ዋጋ ይተምንለታል፤ የተሻለው ሻጩ እውነተኛ ዋጋቸውን እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ለሻጩ ወኪል የሚከፈል ኮሚሽን፣ የማሸጊያ ወጪና ዕቃውን ለመግዛት ቅድመ ሁኔታ ሆኖ የሚከፈል የፈቃድ ክፍያም እንዲሁ ወደ ዋጋው ይገባሉ።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ቀዳሚ የትመና ዘዴ የሚያደርጉት በእርግጥ የተከፈለውን የግብይት ዋጋ ነው። የጉምሩክ ኮሚሽኑ የቀረበውን ዋጋ ካልተቀበለው በቅደም ተከተል ወደ ሌሎች ዘዴዎች ይሸጋገራል፤ በመጀመሪያ ከተመሳሳይ፣ ቀጥሎ ከተቀራራቢ ዕቃ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም በአገር ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ ተነስቶ ወደ ኋላ በመቀነስ ወይም ከማምረቻ ወጪው ተነስቶ በመደመር ይሰራል። ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ያለው ኢንቮይስ ውድቅ ሲደረግ ዕቃው በኮሚሽኑ የመረጃ ቋት ውስጥ ባለው ዋጋ ይተመናል፤ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ ወደ ወንጀል ይሄዳል። ከዚህ በተጨማሪ እውነተኛ ቅናሽ ያገኘ ሐቀኛ አስመጪ ቅናሹን ማሳመን የሚቸግረው ሌሎች በሐሰት ባስለመዱት ጥርጣሬ ነው። ቅናሽ ካገኙ የድርድር ደብዳቤውን፣ የዋጋ ዝርዝሩንና የባንክ ማስተላለፊያውን ይያዙ።

አራተኛ፦ ስሌቱ

በታሪፍ መጽሐፉ ላይ የሚታየው የጉምሩክ ቀረጥ ከ0 እስከ 35 በመቶ ነው፤ ነገር ግን ከጠቅላላው ክፍያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዝርዝር ውስጥ ላሉ ዕቃዎች ኤክሳይዝ ታክስ፣ ከዚያ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያ 10 በመቶ ሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) ይመጣል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለንግድ በሚገባ ዕቃ ላይ የጣለው 3 በመቶ ቅድመ ግብርና በ2014 ዓ.ም. በደንብ የተጣለው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ደግሞ በቀጥታ በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ ይታሰባሉ። ነፃ የተደረጉ ዕቃዎች በየሕጉ ስላሉ እያንዳንዱን ለዕቃዎ መመልከት ያስፈልጋል።

ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ታክሶች አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡ መሆናቸው ነው። ኤክሳይዝ የሚሰላው በሲአይኤፍና በቀረጡ ድምር ላይ ነው፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ኤክሳይዙንም ጨምሮ በሚገኘው ድምር ላይ ነው፤ ሱር ታክስ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ራሱ በተካተተበት ድምር ላይ ነው። የማሽኑ የሲአይኤፍ ዋጋ 1,000,000 ብር፣ የቀረጡ ልክም ለስሌቱ ያህል 20 በመቶ፣ ኤክሳይዝ የሌለበት ነው እንበል።

የጉምሩክ ቀረጥ፦ የ1,000,000 ብር 20 በመቶ = 200,000 ብር
የተጨማሪ እሴት ታክስ፦ የ1,200,000 ብር 15 በመቶ = 180,000 ብር
ሱር ታክስ፦ የ1,380,000 ብር 10 በመቶ = 138,000 ብር
ቅድመ ግብር፦ የ1,000,000 ብር 3 በመቶ = 30,000 ብር
የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ፦ የ1,000,000 ብር 3 በመቶ = 30,000 ብር
ድምር = 578,000 ብር

ቀረጡ 20 በመቶ ነው ብሎ 200,000 ብር ያዘጋጀ ሰው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ክፍያ ይጠብቀዋል ማለት ነው። የታሪፍ ቁጥሩ የቀረጡን ልክ ወደ 5 በመቶ ቢያወርደው ጠቅላላ ክፍያው 388,250 ብር ይሆናል፤ በታሪፉ ላይ የታየው የ15 በመቶ ልዩነት በኪስ ላይ 189,750 ብር ሆኖ ተገኘ። በዚሁ 20 በመቶ ቀረጥ ላይ 10 በመቶ ኤክሳይዝ ቢጨመር ደግሞ ድምሩ 729,800 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያን ያህል የቆየነው ለዚህ ነው።

በቶሎ ለመገመት አጭር መንገድ አለ። ሲአይኤፉን ከቀረጥና ከኤክሳይዝ ጋር ከደመሩ በኋላ በ1.265 ያባዙት፤ ይህ ቁጥር የተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ሲደራረቡ የሚሰጡት ብዜት ነው። ከውጤቱ ላይ የሲአይኤፉን 6 በመቶ ሲጨምሩ ታክስ የተከፈለበትን ጠቅላላ ወጪ ያገኛሉ። በምሳሌው 1,200,000 በ1.265 ሲባዛ 1,518,000፣ ከ60,000 ጋር 1,578,000 ብር ይሆናል።

ምንዛሪውን በተመለከተ፣ ዋጋው ወደ ብር የሚለወጠው ዲክላራሲዮኑ በሚመዘገብበት ጊዜ በሥራ ላይ ባለው ተመን እንጂ ባንክ ኤልሲ (ለሻጩ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና ሰነድ) በከፈተበት ቀን ተመን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዕቃቸው በጉዞ ላይ የነበረ አስመጪዎች በዶላር የተጻፈው ዋጋቸው ሳይለወጥ የሚከፍሉት ቀረጥና ታክስ በብር ጨመረባቸው። ስለዚህ ስሌትዎን በዛሬው ተመንና ከዚያ ከፍ ባለ ተመን፣ ሁለት ጊዜ ይሥሩት፤ በሁለተኛው መክፈል የማይችሉ ከሆነ የትዕዛዙን መጠን ይቀንሱ።

አምስተኛ፦ ተመላሽ የሚሆነውን ከማይመለሰው መለየት

የሸቀጥ ዋጋ በሚተምኑበት ጊዜ 578,000 ብሩን በሙሉ ወጪ አድርጎ መያዝ ስሕተት ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበና ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ያለው ነጋዴ በጉምሩክ የከፈለውን 180,000 ብር ከሽያጩ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ያቀናንሳል። ቅድመ ግብሩም ስሙ እንደሚያመለክተው በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው የንግድ ትርፍ ግብር ላይ የሚታሰብ ነው። እውነተኛ ወጪ ሆነው የሚቀሩት ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ፣ በጠቅላላው 368,000 ብር ናቸው። ያልተመዘገበ ሰው ግን የተጨማሪ እሴት ታክሱም ወጪው ነው፤ ከተመዘገበ ተወዳዳሪው ጋር በአንድ ዋጋ ለመሸጥ የሚቸገርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሙሉው ገንዘብ ዕቃው ከመለቀቁ በፊት በጥሬው መገኘት አለበት። ለኤልሲው ያስያዙት ብር ገና ተይዞ ሳለ ቀረጡና ታክሱ ስለሚደርስ፣ የሁለቱን የመክፈያ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማየት ይገባል።

ስድስተኛ፦ የስሪት አገርና የቀረጥ ነፃ መብት

ዕቃው የተጫነበት አገርና የተሠራበት አገር ይለያያሉ። የጣሊያን ማሽን በዱባይ ነጋዴ በኩል ቢገዛም የስሪት አገሩ ጣሊያን እንደሆነ ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው የንግድ ስምምነት ሲኖር ነው። ኢትዮጵያ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል በመሆኗ ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ የቀረጡን ልክ በ10 በመቶ ትቀንሳለች፤ ይኸውም 20 በመቶ የነበረው 18 ይሆናል ማለት እንጂ 10 ይሆናል ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም የራሱ የታሪፍ ቅናሽ መርሐ ግብር አለው። ቅናሹን ለማግኘት ስልጣን ባለው አካል የተሰጠ የስሪት አገር ሰርተፍኬት ከዕቃው ጋር መቅረብ ስላለበት፣ ለሻጩ የሚነገረው በውሉ ጊዜ ነው።

የኢንቨስትመንት ፈቃድ ኖሯቸው በማበረታቻ ደንቡ ከተዘረዘሩት ዘርፎች በአንዱ የተሰማሩ ሰዎች የካፒታል ዕቃ (ለሥራቸው የሚያገለግል ማሽንና መሣሪያ) ከቀረጥ ነፃ ሊያስገቡ ይችላሉ። መብቱ ግን ከዕቃው አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነው፤ በነፃ የገባን ማሽን ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው መሸጥ ያልተከፈለውን ቀረጥና ታክስ መክፈልን ያስከትላል።

ሰባተኛ፦ ሰነዶቹን ማናበብ

ኮመርሺያል ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት (የአስተሻሸግ ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ወይም ኤርዌይ ቢል (የመርከብ ወይም የአውሮፕላን የጭነት ሰነድ)፣ የመድን ሰርተፍኬት፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬትና የባንክ ፈቃዱ የግድ መገኘት ያለባቸው ናቸው። በተግባር ዕቃ የሚያስይዘው ከሰነድ መጉደል ይልቅ የሰነዶች አለመናበብ ነው። ፓኪንግ ሊስቱ 14 ካርቶን ሲል ቢል ኦፍ ሌዲንጉ 15 ካለ፣ ወይም የኢንቮይሱ ሞዴል ቁጥር ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ በአንድ ፊደል ከተለየ ጥያቄ ይነሳል። ሻጩ ዋናዎቹን ሰነዶች ከመላኩ በፊት ረቂቃቸውን በኢሜይል ያስልኩና ጎን ለጎን አድርገው ያንብቧቸው። ከተጫነ በኋላ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ማሳረም ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል።

ስምንተኛ፦ ከዲክላራሲዮን እስከ ዕቃ ማውጣት

ዕቃው ከጅቡቲ በጋላፊ ወይም በደወሌ የድንበር በር በኩል ገብቶ ወደ ደረቅ ወደቡ ሲያመራ፣ የተፈቀደለት የጉምሩክ አስተላላፊ ዲክላራሲዮኑን በኮሚሽኑ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ያስመዘግባል። ሥርዓቱ በስጋት ደረጃው መሠረት መስመር ይመድብለታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ያለ ምርመራ ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ ከሆነ ዕቃው ተከፍቶ ይታያል። ቀይ መስመር ጥፋት ተገኘ ማለት አይደለም፤ ለአዲስ አስመጪ የተለመደ ነው። በፍተሻው ላይ እርስዎ ወይም ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ካታሎጉን ይዞ ቢገኝ የምደባ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

ትራንዚተሩ ያዘጋጀውን ዲክላራሲዮን ከመመዝገቡ በፊት ራስዎ ይመልከቱት። የታሪፍ ቁጥሩ፣ የስሪት አገሩ፣ የጭነትና የመድን ወጪው፣ የየመስመሩ ዋጋ ከስሌትዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ በስሕተቱ የዕቃው ባለቤትም ይጠየቃል። በቀናት የሚቆጠረው የኮንቴይነር ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈል) እና የመጋዘን ክፍያ ከታክሱ ውጭ ስለሆነ ለብቻው በጀት ይያዝለት።

ዘጠነኛ፦ በውሳኔው ካልተስማሙ

የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ቁጥሩን ከለወጠ ወይም ዋጋውን ከፍ ካደረገ፣ ውሳኔውና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በቃል በተነገረ ውሳኔ ላይ አቤቱታ አይቀርብም። አቤቱታው በቅድሚያ ለኮሚሽኑ የአቤቱታ አጣሪ አካል፣ ከዚያ ለፌዴራል ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይቀርባል። እያንዳንዱ ደረጃ የጊዜ ገደብ ስላለው ውሳኔው በደረሰዎት ቀን ቀኑን በሰነዱ ላይ ይጻፉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃውን ዋስትና አስይዞ ማውጣት ይቻል እንደሆነም በዚያው ቀን በደብዳቤ ይጠይቁ። አቤቱታ ላይ የሚያሸንፈው ስለ ፍትሐዊነት በረጅሙ የጻፈ ሳይሆን፣ የምዕራፉን ማስታወሻ ጠቅሶ ካታሎጉን ከገጹ ጋር ያያያዘ ነው።

አሥረኛ፦ ፋይሉን መያዝ

ዕቃው ወጥቶ ተሽጦ ካለቀ በኋላም ኮሚሽኑ በድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ሊመለስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ልዩነት ከተገኘ የሚጠየቀው ወለድና ቅጣት የታከለበት ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ፋይል ይክፈቱ። በውስጡም ዲክላራሲዮኑ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ፣ የባንክ ማስተላለፊያው፣ ከሻጩ ጋር የተለዋወጡት ኢሜይል፣ ካታሎጉ፣ ኮሚሽኑ የሰጠዎት የምደባ ማብራሪያና ትዕዛዝ ከመስጠትዎ በፊት የሠሩት ስሌት ይቀመጡ።